ቡሄ ማታ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ያየነው ነገርዬ

እስቲ ይቺን ታሪክ አንዴ ልጻፋትና ልገላገል። ጓደኞቼ ቡና በተፈላ ቁጥር "ያቺን የመቃብሯን ንገረን" እያሉ ያስደግሙኛል፣ እኔም በደገምኳት ቁጥር ነገርዬው ቁመት እየጨመረ መጥቶ ባለፈው ጭራሽ ክንፍ ላበቅልለት ምንም አልቀረኝም፣ ስለዚህ ጨርሼ ውሸታም ሳልሆን ያየሁትን ብቻ ላስቀምጥ።

ጊዜው ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተንኩበት ክረምት ነው። ትምህርት ሲዘጋ እኛ ቤት ክርክር የለም፣ ሐምሌ ሲገባ ልብስ በፌስታል ተጠቅልሎ ምንጃር አያቶቼ ጋር ነው። ሞጆ ድረስ አውቶብስ፣ ከሞጆ አረርቲ ሌላ መኪና፣ ከአረርቲ በኋላ ያለው ደግሞ በእግር፣ ያውም በክረምት በዋልካ መሬት፣ አንዱን እግር ስታነሳ ጫማው እዛው ይቀራል፣ እሱን ልትመዝ ስትጎነበስ ሌላኛው ይሰምጣል። ብዙ ሰው ምንጃርን የሚያውቀው በጤፉ ወይ በሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ነው፣ እኔ ግን ምንጃር ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ጭቃው ነው።

እዛ ከደረስክ በኋላ ደግሞ እንግዳ ነህ ብሎ የሚያስቀምጥህ የለም። ጤፍ የሚዘራበት ሰሞን ነው፣ ጤፍ ደግሞ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ልል መሬት ላይ ከበተንከው ሰምጦ ይቀራል፣ ለዚህ ሲባል ከመዘራቱ በፊት ማሳው በከብት ይረገጣል። የኛም የጎረቤትም በሬ ላም አህያ ተሰብስቦ ጭቃው ላይ ወዲያ ወዲህ ይነዳል፣ መንዳቱ የልጆች ስራ ነው። ልጆች ማለት እኔ፣ ትንሽ የሚበልጠኝ የአጎቴ ልጅ (በዛ እድሜ ትንሽ መብለጥ ማለት አለቃ መሆን ነው)፣ እኩያዬ የሆነችው እህቱና አንድ የጎረቤት ጎረምሳ፣ ጅራፍ ሲያጮህ ሰፈሩ የሚሰማው። ማታ ማታ እግራችንን ታጥበን እሳት ዳር ስንቀመጥ አያቴ እማማ የማትነግረን የጭራቅ አይነት አልነበረም፣ እና ወሬው ቀድሞ ጭንቅላታችን ውስጥ ተዘርቶ ነበር ማለት ነው።

ጉድጓዱን መጀመሪያ ያየሁት ከብት ስንነዳ ነው። ቤተክርስቲያኑ ያለበት ጉብታ እንደ ሌላው መሬት ዋልካ አይደለም፣ ቀላ ያለ አሸዋ የቀላቀለ አፈር ነው፣ ዙሪያውን ወይራና ግራር ከቦታል፣ ከጀርባ በኩል መቃብሩ አለ፣ ከመቃብሩ ዝቅ ብሎ ደግሞ ኩይሳ የበዛበት ጥግ። እዛ ጥግ ላይ አንድ ልጅ ቁጢጥ ብሎ የሚገባበት ጉድጓድ አለ፣ አፉ ላይ ትኩስ አፈር ተከምሯል። አንዲት ላም ወደዛ ስታዘነብል የአጎቴ ልጅ እንዴት እንደሮጠ! ከመለሳት በኋላ ድምጹን ዝቅ አድርጎ "ይሄ ነገር መቃብር ይቆፍራል" አለኝ። ምን ነገር? "ነገር ነዋ።" ከዚህ በላይ ቃል አልወጣውም። የጎረቤቱ ልጅ ግን ለጋስ ነበር፣ አንድ የቆሎ ተማሪ ነገረኝ ብሎ፣ ንስሐ ሳይገባ የሞተ ሰው ሌሊት ሌሊት ከአፈር እየወጣ ቄስ ይፈልጋል አለን። ለምን ቄሱ ቤት አይሄድም ብዬ ስጠይቀው ሁለቱም በንቀት አዩኝ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ምን ያውቃል።

እንግዲህ ነሐሴ 12 ማታ መጣ፣ የቡሄ ዋዜማ። ጅራፍ ሲጮህ ዋለ፣ ማታ ችቦ ተለኮሰ፣ ሙልሙላችንን ይዘን ከቤት ቤት ስንጨፍር አምሽተን ድምጻችን ተዘግቷል። በጣም ሲመሽ የአጎቴ ልጅ እህት ባትሪ ይዛ መጣች፣ "እማማ አሁኑኑ ይምጡ ብላለች"። ባትሪው ድንጋዩ አልቆ ብርሃኑ የሻይ ቀለም ሆኗል። በመንገዱ ብንሄድ ይርቃል፣ በቤተክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ግን አቋራጭ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ ቅጽሩ ውስጥ ሱባዔ የያዙ ሰዎች አሉ፣ ሰው ካለ ምን ያስፈራል ተባባልንና ገባንበት። ዝናቡ አባርቶ ጨረቃዋ ደመና ውስጥ ግብት ውጥት ትላለች፣ የጎረቤቱ ውሻ ከፊት ከፊታችን ይሄዳል።

መጀመሪያ የሰማነው ድምጽ ነው። ውሻው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እኛም ቆምን። ሽ... ጨርር፣ ሽ... ጨርር። ሰው በዶማ ሲቆፍር ያለውን ድምጽ ታውቁታላችሁ አይደል፣ እሱ ራሱ ነው። በዛ ሌሊት፣ በቡሄ፣ መቃብር ስር፣ ማነው የሚቆፍረው? የሞተ ሰው እንደሌለ እናውቃለን፣ የዛን ሳምንት ለቅሶ አልነበረም። የአጎቴ ልጅ "በስመ አብ ወወልድ" ብሎ ጀመረ፣ እስከ ዛሬ አልጨረሰውም።

ልጅቷ ባትሪውን ወደ ድምጹ አዞረችው። እና ነገርዬው ተነሳ።

ተነሳ ስል በሁለት እግሩ ነው የምላችሁ። ፊቱ ረጅም፣ እንደ አሳማ መጨረሻው ድፍን ያለ፣ ጆሮው የአህያ፣ ጀርባው እንደ ሽማግሌ ጎበጥ ያለ፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ እጆቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ የማንኪያ አይነት ጥፍር። ጸጉር ያለው አይመስልም፣ ቆዳው የሰው ቆዳ አፈር ሲለብስ ያለውን ቀለም ነው የያዘው፣ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው፣ ከሁሉም በላይ ያ የሰው ቀለም። ጆሮዎቹ ለየብቻ ይዞራሉ፣ አንዱ ወደኛ አንዱ ወደ ቅጽሩ። አላጉረመረመም፣ አልሸሸም፣ ዝም ብሎ አየሩን ያሸታል፣ የአፍንጫው ድምጽ ይሰማናል። ስንት ጊዜ እንደቆመ አትጠይቁኝ፣ ለኔ አንድ ክረምት ነው።

ከዛ ውሻው ጮኸ፣ እኛም ጮህን፣ የማን ጩኸት እንደቀደመ አላውቅም፣ ሦስት ወንዶች በሦስት አቅጣጫ ተበተንን። እኔ ሮጬ የገባሁት ቀጥታ ቅጽሩ ውስጥ ነው፣ ሱባዔ የያዙት እናቶችና አባቶች ደግሞ በጩኸታችን ተነስተው ጧፍ ይዘው ሲወጡ ጨለማው ውስጥ ነጭ ነጠላ ለብሰው ሲመጡ አየኋቸውና እዛው ቁጭ አልኩ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። በዛች ሌሊት ማን ማንን የበለጠ እንዳስፈራራ እግዜር ይወቀው።

ልጅቷ አልሮጠችም። ባትሪዋን እንዳበራች እዛው ቆማለች። በኋላ እንደነገረችን ነገርዬው በአራት እግሩ ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፣ ከዛ ከውስጥ አፈር እየገፋ አፉን ዘጋው። "በሩን ዘጋ" ነው ያለችው፣ እንደዛ ስትለን ደግሞ ሁላችንም እንደገና ሰውነታችን ወረረን።

ቤት ስንገባ እማማ ጸበል ረጨችን፣ እያለቀሰች ተሳደበች፣ በጾም ሌሊት መቃብር ስር ምን ወሰዳችሁ ብላ ጠዋት ንስሐ አባታችን ድረስ አስጠራች። አያታችን አባባ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀን፣ "ጅራቱን አያችሁት?" ወፍራም እንደሆነ፣ የቆመውም እሱን ተደግፎ እንደሆነ ልጅቷ ስትነግረው "በሉ ተኙ" ብሎ ተኛ። ተኛ! እኛ እስኪነጋ ተቃቅፈን።

ጠዋት ዱላውን ይዞ ወሰደን። ጭቃው ላይ ያለውን ኮቴ አሳየን፣ በመሃል ጅራቱ የተጎተተበትን መስመር አሳየን፣ ከዛ ኩይሳዎቹ ጋር ወስዶ እንደ ዳቦ የተቦደሰውን ጎን በዱላው ጫፍ ነካ ሲያደርገው ምስጡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። "አዋልዲጌሳ ነው፣ ምስጥ ነው የሚበላ። ሬሳ ቢፈልግ መቃብሩ ያውና፣ ምን አስቸገረው? አንድ ጉድጓድ እንኳ እዛ ላይ አለ? ሁሉም ኩይሳው ስር ነው።" እሱ ነገርዬውን የሚጠላው በሌላ ምክንያት ነው፣ ድሮ አንድ በሬው እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ እግሩ ገብቶ ተሰብሮበታል፣ የሱ ቂም ሙሉ በሙሉ የገበሬ ቂም ነው፣ ሰይጣን ምናምን የለበትም።

እና አመንኩት? እንዴት ብዬ! መስከረም ላይ አዲስ ክፍል ልገባ ነው፣ "ክረምቱን እንዴት አሳለፍክ" ስባል ሰይጣን አየሁ ማለት እየቻልኩ ምስጥ የሚበላ እንስሳ አየሁ የምልበት ምን ምክንያት አለ። አባባ ያሳየንን ኮቴ ከታሪኩ አውጥቼ ጣልኩት፣ ሰይጣኑን ይዤ ተመለስኩ፣ ያ ሰይጣን እውነቱን ለመናገር ዘጠነኛ ክፍል ብዙ ጓደኛ አፍርቶልኛል።

ከብዙ አመት በኋላ ማታ ዩቲዩብ ላይ ስዞር በሌሊት ካሜራ የተቀረጸ ቪዲዮ መጣልኝ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ጆሮ ብቅ አለ፣ ከዛ አፍንጫ፣ ከዛ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየሩን እያሸተተ ጠበቀ። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ "ይሄው!" ብዬ ጮህኩ። ከዛ በኋላ ስለ አዋልዲጌሳ ያላነበብኩት ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ እና አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንስሳ ነው ሲባል ነገሩ ይቀላል ብላችሁ ካሰባችሁ አይቀልም። ዘመድ የለውም በቃ። ሳይንቲስቶች እንስሳትን ሲመድቡ ውሻን ከነተኩላ፣ ድመትን ከነአንበሳ ያስቀምጣሉ፣ እሱ የተመደበበት ክፍለ መደብ ውስጥ ግን ዛሬ በህይወት ያለው እሱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ጠፍተዋል። ራቅ ብሎ የሚዛመደው ከአሳማ ወይ ከአህያ እንዳይመስላችሁ፣ ከዝሆንና ከሽኮኮ ጋር ነው። ጥርሱ እንደኛ ጥርስ አይደለም፣ የሚያብረቀርቀው ሽፋን የለውም፣ የተሰራው ከብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። ምላሱ እስከ 30 ሳንቲሜትር ይወጣል። ሲቆፍር አፍንጫውን ይዘጋል፣ የራሱን ኩስ ይቀብራል፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከኋላው አፈር ይደፍናል። ልጅቷ በሩን ዘጋ ያለችው ቃል በቃል ትክክል ነበር ማለት ነው። ከጉድጓዱ ሲወጣ ወዲያው አይሄድም፣ ቆሞ ያዳምጣል። አንዳንዱ 60 እና 70 ኪሎ ይመዝናል፣ የአንድ ጎልማሳ ኪሎ። አሁን ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ሲሆን ከቄስ ፈላጊው ሙት በምን ይቀላል? ሙቱ እንኳ ቢያንስ የሰው ዘመድ ነው።

ግን ከሁሉም በላይ ሲያብሰለስለኝ የኖረው ለምን መቃብሩ ጋር የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ መቃብር ይቆፍራል የሚለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም፣ እውነትም እዛ ነው የሚታየው። ባለፈው ለሰርግ ሄጄ ከጉብታው ላይ ቆሜ ዙሪያውን ሳይ ነው የገባኝ። እስከ አይንህ ጫፍ ድረስ እርሻ ነው። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ እንደገና ጤፍ። ማረሻ ያልነካው መሬት የታቦቱ ቅጽርና መቃብሩ ብቻ ነው፣ የሙታኑን መሬት ደግሞ ደፍሮ የሚያርስ የለም፣ ስለዚህ ዛፉም ኩይሳውም ምስጡም እዛ ተረፈ። ዋልካው ደግሞ በክረምት ጭቃ በበጋ ስንጥቅ ነው፣ ጉድጓድ አይይዝም። ታዲያ ምስጥና ጉንዳን በልቶ የሚያድር እንስሳ ሌላ የት ይሂድ? ወደ ቆላው ወርዶ አዋሽ ፓርክ ካልገባ በቀር አገሩ በሙሉ ተወስዶበታል። እኛ ደግሞ የቀረችውን ጥግ ላይ አገኘነውና ሬሳ በላህ አልነው።

ይሄን ሁሉ ለአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ግሩፓችን ከነቪዲዮው ላኩለት፣ አሁን ባለ ትዳር ገበሬ ነው፣ እዛው አካባቢ። በቮይስ መለሰልኝ፣ "እሱን እንስሳ አውቀዋለሁ፣ አምና ራሱ አጥሩ ስር ቆፍሮ ቄሶቹ ሲደፍኑ ውለዋል። ያ ማታ ያየነው ግን ሌላ ነው። ያኛው አይን አይኔን ነበር የሚያየኝ።" እኔ ልከራከር ስጽፍ እህቱ እዛው ግሩፕ ላይ ነበረችና ቀደመችኝ።

"መቼ አየኸው አንተ፣ ስትሮጥ ጀርባህን ነው ያየሁት።"