ኩባያው ሥር

ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ አንድ ክሊኒክ በረዳትነት ከተቀጠርኩ አራት ወር ቢሆነኝ ነው። ታካሚ እጠራለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ደም ግፊት እለካለሁ፣ ጥያቄ ጠይቄ ኮምፒውተር ላይ እሞላለሁ። ከዚያ ነርሷ ትገባለች። ፈጣን ነበርኩ። በፍጥነቴም እኮራ ነበር።

ያን ቀን የጠራኋት አርባዎቹን የጀመረች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። (እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ።) ባሏ አብሯት ተነሳ። ቦርሳዋን ያዘላት፣ በሩን ከፈተላት፣ ወንበር ሳበላት። "ታድላ!" አልኩ በሆዴ።

ደም ግፊቷ 168 በ104፤ ከፍ ያለ ነው። "ራስ ምታቱ መቼ ጀመረሽ?" ስላት እሱ "ሦስት ሳምንት ይሆናታል" አለ። "እንቅልፍስ?" አሁንም እሱ። "አትተኛም፤ ሥራ ታበዛለች።" ይህንንም በደግነት ቆጠርኩለት።

ከዚያ ሁሉንም ሴት የምንጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች መጡ። ሂትስ እንላቸዋለን። የትዳር ጓደኛሽ ይመታሻል? ይሰድብሻል? እጎዳሻለሁ ብሎ ያስፈራራሻል? ይጮህብሻል? ለእያንዳንዱ "በፍጹም" ካለች 1፣ "በጣም በተደጋጋሚ" ካለች 5 ነው። ድምሩ ከ10 ካለፈ ለነርሷ መንገር አለብኝ። እኔ ባሏ እዚያው ተቀምጦ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል፣ እንደ ዳዊት ደገምኩላት። በፍጹም። በፍጹም። በፍጹም። በፍጹም። 4 ነጥብ። ከዚያ በታች የለም።

ሁለት ቦታ እንደምትሠራና ሦስት ልጆች እንዳሏት ፎርሙ ላይ አየሁ። "አንቺ እኮ በጣም ጠንካራ ሴት ነሽ!" አልኳት። ላበረታታት ብዬ ነው። ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። በእጇ የያዘችውን ሶፍት በጥፍሯ እየቀደደች ጭኗ ላይ ነጭ ብናኝ አከማችታለች። አይቼዋለሁ። አይቼ አለፍኩ።

ነርሷ ሠላሳ ዓመት ያህል የሠራች ናት፤ እሷም ጥቁር አሜሪካዊት። ፎርሙን ኮሪደር ላይ አየችና "ስትጠይቂያት ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?" አለችኝ።

"ባሏ።"

ዝም አለች። እኔ ክው አልኩ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የሽንት መስጫ ኩባያ አንስታ ገባችና "ላብራቶሪው ናሙና ይፈልጋል" አለቻት። እኛ ጋ የሴቶች ሽንት ቤት በር ጀርባ ላይ ማስታወቂያ አለ። ከሥሩ ሰማያዊ ነጥቦች የተጠቀለሉበት ማጣበቂያ ተሰቅሏል። የምትፈሪው ሰው ካለ አንዷን ነጥብ ልጠሽ ኩባያው ላይ ለጥፊ ይላል። በየቀኑ ሳየው የከረምኩት ነገር ነው፤ አንብቤው ግን አላውቅም ነበር።

ኩባያውን በጓንት የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ዙሪያው ላይ ምንም የለም። እፎይ አልኩ። ስም ልጽፍበት ዘንበል ሳደርገው ከሥሩ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በማይታየው በኩል፣ ነጥቧ ተለጥፋለች። እስከ ዳር ድረስ በጣት ተጭና።

የልብ ምርመራ ክፍል ሰው ይዞ አይገባም። ባሏ ውጭ ተቀመጠ፣ ሶሻል ወርከሯ በኋላ በር ገባች። አርባ ደቂቃ ቆዩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ የእኔ ጉዳይም አይደለም።

ምሳ ላይ አፌ አላርፍ አለኝና "ግን ለምን ፖሊስ አልጠራችም?" አልኩ።

ነርሷ ሹካዋን አስቀመጠች። ፍሎሪዳ ውስጥ ማሪሳ አሌክሳንደር የምትባል ጥቁር ሴት እንደነበረች ነገረችኝ። በ2010 ባሏን ፈርታ የማስጠንቀቂያ ጥይት ተኮሰች። ሰው አልተነካም። በ2012 ሃያ ዓመት ተፈረደባት። ፍርዱ በ2013 በይግባኝ ተሻረ፤ ጉዳዩ በስምምነት አልቆ ከእስር የወጣችው ግን በ2015 ነው። ሶንያ ማሲን ደግሞ እኔም በዜና አይቻታለሁ። የአእምሮ ሕመም ያለባት ጥቁር ሴት ነበረች። ሐምሌ 2024 ኢሊኖይ ውስጥ ቤቴ ሰው ሊገባብኝ ነው ብላ ራሷ ለፖሊስ፣ 911 ደወለች። የመጣላት ፖሊስ እዚያው ኩሽናዋ ውስጥ ተኩሶ ገደላት። "ስለዚህ ስልኩን ስታነሳ ሁለት ሰው ነው የምትፈራው" አለችኝ። "ቤት ያለውንና የሚመጣውን።"

ቀጥላ "ዛሬ ጠዋት ስንት ሴት ጠየቅሽ?" አለች። አሥራ አንድ። አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) በመላው አገሪቱ ባደረገው ጥናት ከአሥር ጥቁር ሴቶች ከአራት በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው በፍቅረኛ ወይም በባል ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት ወይም ክትትል ደርሶባቸዋል። "ከአሥራ አንዱ ስንቶቹ ከ4 በላይ አገኙ?"

አንድም።

"ጠንካራ ነሽ" ማለቴንም ነገርኳት። ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። "ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምንሰማት ቃል ናት። ጠንካራ ነሽ ካልሻት በኋላ ተሰብሬያለሁ እንዴት ትበልሽ?" እኔ ደግሞ ያደግኩበት ቤት ትዝ አለኝ። ቻይው፣ ገመናሽን አታውጪ፣ ልጆችሽን አሳድጊ። እኛም አገር ቻይ ሴት ትመሰገናለች።

ድባቴ ሁሌ እያለቀሰ አይመጣም አለችኝ። ራስ ምታት ሆኖ ይመጣል። የማይወርድ ግፊት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ ነገር ቱግ ማለት ይሆናል። ኮቴ በሰማ ቁጥር የሚባንን ሰው ቀን ላይ ሰላምተኛ አይሆንም። ይህን ስትል ምሳዬ አልወርድ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ለምን አስጠበቃችሁኝ ብላ የጮኸችብኝን አንዲት ሴት ፋይል ላይ "ኃይለኛ ናት" ብዬ ጽፌ ነበር። ለምን ትጮኻለች ብዬ የጠየቅኩት ሰው የለም። ጥቁር ሴት ከጮኸች ምክንያት አያስፈልጋትም ብዬ ሳላስበው ወስኛለሁ። ያውም እኔ፣ ራሴ ጥቁር ሴት ሆኜ። ከሰዓት ማስታወሻውን አስተካከልኩ፤ የቀድሞው ግን ከታሪኩ አይጠፋም፣ ሲስተሙ እንዲያ ነው።

ከዚያ ወዲህ አጃቢ ሁሉ ውጭ ይጠብቃል፤ ባልም ይሁን እናት። ያጉረመርማሉ፣ ያጉረምርሙ። ወረፋውም ይጓተታል። ኃላፊው ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አሳይቶኛል።

ሴትዮዋ በሁለት ወሯ ብቻዋን መጣች። ግፊቷ 146 በ92። ኪቦርዱን ገፋ አድርጌ ወንበሬን ወደ እሷ አዞርኩ።

"ዛሬ ስክሪኑን አታይም እንዴ?" አለችኝ።

"አላይም" አልኳት፤ አፍሬ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰች። ሁለተኛው ላይ ሶፍቷን አወጣችና ዝም አለች። ውጭ ሦስት ሰው ተሰልፏል። በሩ ተንኳኳ፤ አልተነሳሁም።