ጮቄ ላይ ከድንኳን ውጭ የፈላ ሻይ

ከጓደኛዬ ጋር ጮቄ ተራራ ላይ በድንኳን ለማደር ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውሮፕላን መሄድም ይቻል ነበር፤ ባሕር ዳር ገብቶ በመኪና ወደ ታች መመለስ ነው። የካምፕ ጋዝ ጣሳ ግን በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው። ስለዚህ አውቶቡስ። ረዳቱ ለሻንጣችን 300 ብር ጨምሩ ሲለን ደሜ ፈላ። አጠገባችን ያለው ነጋዴ ለሁለት ጆንያ የከፈለው 100 ነው! ተጨቃጭቀን 150 ላይ ተስማማን። የዓባይን በረሃ ተኝቼ አለፍኩት። ደብረ ማርቆስ አደርን።

ጮቄ አናቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅባራ የሚባለው የደጋ ተክል ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፣ ከሥሩ ጓሳ የሚባለው ሣር ተንጣሏል። ጓሳ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ሲደርቅ ግን አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ምድጃዬን የማስቀምጥበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጌ ዙሪያውን በደንብ ጠረግኩ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ በረዶ ወረደብን። ጓደኛዬ እየተንቀጠቀጠ፣ «ድንኳን ውስጥ እናፍላው፣ ለአምስት ደቂቃ ምን ይሆናል?» አለኝ። እንቢ አልኩ። የድንኳን ጨርቅ እሳት ከነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የማይታይና የማይሸት መርዛማ ጋዝ ነው። በር ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ እኮ ሁላችንም ሰምተናል። የጋዝ ምድጃም በታፈነ ቦታ ያው ነው። አኮረፈኝ። በሶ በጥብጠን በብርድ ጠጣን፣ ተኛን። እንቅልፍ ግን የለም።

ሲነጋ የጓደኛዬ የጋዝ ጣሳ ሌሊቱን ውጭ አድሮ ስለነበር ሲለኮስ ነበልባሉ ሊጠፋ ደረሰ። ጣሳ ውስጥ የሚሞላው ቡታን የሚባል ጋዝ ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል መትነን ያቆማል፤ ፕሮፔን የሚባለው ሌላ ጋዝ ያለበት ድብልቅ ይሻላል። የእኔን ጣሳ ግን ስሊፒንግ ባጌ ውስጥ ይዣት ስላደርኩ ደህና ነደደች። የእሱን እሳት ላይ ላሙቃት ሲል ከእጁ ቀማሁት። ጣሳ በእሳት አይሞቅም፣ ይፈነዳል። በነፋስ መከለያ ዙሪያዋን መክደንም እንደዚያው ነው፤ ሙቀቱ ወደ ጣሳዋ ይመለሳል።

ከታች ካለው ጎጆ አንዲት እናት ቅቅል ድንች በሰፌድ ይዘው መጡ። «ምነው ልጆቼ፣ ቤት እያለ እዚህ ታድራላችሁ?» አሉን። ድንቹ ገና ይጤሳል። ልከፍል ብል ተቆጡኝ። እኔ አዲስ አበባ ከጎረቤቴ ጋር ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልለዋወጥም።

ሻይ አፈላሁላቸው። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቅጠሉ ቶሎ አልለቀቀም። ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምረው ጠጡና ስለ ምድጃዋ ጠየቁኝ። እንዴት እንደምትዘጋ አሳየኋቸው፤ መጀመሪያ ቁልፉ ይዘጋል፣ ከቀዘቀዘች በኋላ ጣሳዋ ትፈታለች፣ ያውም ከማንኛውም እሳት ርቆ። «ልጆች እንዳይነኳት ብቻ» አሉኝ። ባዶዋን ጣሳም እዚያ አልጣልኩም፤ ልጆች እሳት ውስጥ ቢከቷት ትፈነዳለች። ይዣት ወረድኩ።