አራት ጠብታ ሽንት

ጥናቱን የጀመርኩት በራሴ ሽንት ነው። ከውጭ በሰው ሻንጣ የመጣልኝን፣ የሽንት ፊኛ ካንሰርን የሚፈልግ የካርድ መመርመሪያ ከፍቼ አራት ጠብታ አንጠባጠብኩበት፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ካርዱ መሥራቱን የምታሳየው መስመር ብቻ ወጣች። ቀጥዬ ስምንት የላቦራቶሪ ባልደረቦቼን ሽንት ለመንኩ። ሳቁብኝ፤ ሰጡኝም። የሁሉም ነጻ ሆነ። የሽንት ፊኛ ካንሰር እንዳለባቸው ከፊኛቸው ተቆርጦ በተመረመረ ናሙና የተረጋገጠ ጥቂት ሕመምተኞች ላይ ስሞክረው ደግሞ በአብዛኞቹ ሁለተኛዋ መስመር ብቅ አለች። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ አማካሪ "ካርዱ ይሠራል" ብዬ በደስታ ነገርኳቸው።

"ጤነኛ ወጣትን ከታወቀ በሽተኛ መለየትማ ማንም ይችላል" አሉኝ። "ሐኪም ቤት የሚመጣው ግን ደም የሸና ሰው ነው። ከእነሱ መካከል ለይልኝ።"

ሥራው እንደገና ተጀመረ።

ካርዱ የሚፈልገው ኤንኤምፒ22 የተባለውን ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በሴል አስኳል ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ሴል ሲከፈል ክሮሞሶሞች በአግባቡ እንዲከፋፈሉ ያግዛል። ሴሉ ሲሞት ወደ ሽንት ይወጣል። የካንሰር ሴል ከጤነኛው ይልቅ እጅግ የበዛ ስለሚይዝ በሽንት ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል። ችግሩ የፊኛን ግድግዳ የሚፍቅ ነገር ሁሉ ሴል መግደሉ ነው፤ ጠጠርም፣ ኢንፌክሽንም፣ ለቀናት የቆየ ካቴተርም (የሽንት ማውጫ ቱቦ)።

ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። የገባኝ ግን አንዲት እናት ናሙና የሰጡኝ ዕለት ነው። ደም ሸንተው የመጡ ናቸው። የካርዳቸው መስመር ደማቅ ሆነ፤ እኔም አፌን መሰብሰብ አቅቶኝ ለነርሷ ነገርኩ። ወሬው ፊኛን በካሜራ ቱቦ ከሚያየው ምርመራ፣ ከሲስቶስኮፒው ቀድሞ ሴትየዋ ጆሮ ደረሰ። ከሳምንት በኋላ ሐኪሙ በካሜራው ቱቦ ፊኛቸውን ሲያይ ንጹሕ ነበር፤ ያለባቸው የኩላሊት ጠጠር ነው። ኮሪደር ላይ አገኙኝና "ልጄ፣ ሳምንቱን ሙሉ ኑዛዜ ሳሰላስል ከረምኩ እኮ" አሉኝ። ተቆጥተውኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የካርዱ ውጤት በፖስታ ታሽጎ እስከ ጥናቱ መጨረሻ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ጀመር። መጀመሪያውኑ እንዲህ መሆን ነበረበት።

እኔ የደረስኩበት አዲስ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት 1,331 ሰዎችን በዚሁ ካርድ መርምሮ ነበር። ካንሰር የተገኘባቸው 79 ናቸው፤ ካርዱ ከእነሱ 44ቱን ያዘ። ካንሰር በሌለባቸው ደግሞ 180 ገደማ ሰዎች ላይ በከንቱ መስመር አወጣ። እንግዲህ መስመር ከወጣላቸው አምስት ሰዎች ካንሰር ያለበት አንዱ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ያህል አንብቤው ነበር፤ እኒያን እናት ካገኘሁ በኋላ ግን አራቱ ሰዎች ፊት ለፊቴ ቆሙ።

ካርዱን የማወዳድረው ከሳይቶሎጂ ጋር ነበር። ሽንትን በሴንትሪፉጅ አሽከርክሮ ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ ማየት እነ ፓፓኒኮላው እ.ኤ.አ. በ1945 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። በዚያው የአሜሪካ ጥናት ሳይቶሎጂ የያዘው ከ100 ካንሰር 16ቱን ያህል ነው፤ "አለ" ሲል ግን የሚሳሳተው እጅግ ጥቂት ነው። ደካማ የሚሆነው በዝግታ በሚያድጉት ዕጢዎች ላይ ነው፤ ሴሎቻቸው ከጤነኛው ብዙም አይለዩም።

እዚህም ላይ የሠራሁት ስሕተት እስካሁን ያሳፍረኛል። ለእርግዝና ምርመራ እንደሚባለው "ጠዋት የመጀመሪያውን ይዛችሁ ኑ" ብዬ አዘዝኩ። ሰዎቹም በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ፀሐይ እየመታው አመጡልኝ። ፓቶሎጂስቷ ከስላይዱ ቀና ብለው "ሬሳ ነው ያመጣህልኝ" አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ፊኛ ውስጥ ያደረ ሽንት ሴሎቹን ያበሰብሳቸዋል፤ ለሳይቶሎጂ የሚሻለው ከዚያ በኋላ የሚሸናው ነው። የአንድ ወር ተኩል ናሙና ጣልኩ። በምትኩ ሕመምተኞቹን ውኃ እያጠጣን፣ በግቢው እያንሸራሸርን፣ እዚያው ሆስፒታል ማሸናት ጀመርን። በየኩባያው ላይም ከስሙ ኮድ ሥር "የተሸናበት ሰዓት" የሚል መስመር ጨመርኩ። ለጥናቴ ከገዛሁት መሣሪያ ሁሉ ያቺ መስመር በለጠችብኝ።

ሰዓት ካነሳሁ፣ ካርዱ የሚነበበው ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። አንድ ቀን ምሳ በልቼ ተመልሼ አነበብኩት። ከዚህ የባሰው ግን ዓይኔ ነው። ሐኪሙ ዕጢ ማየቱን ሰምቼ ከሆነ የደበዘዘችው መስመር ቁልጭ ብላ ትታየኛለች፤ ካልሰማሁ ከነጭራሹ አትታየኝም። ስለዚህ ባልደረባዬ ስሞቹን በኮድ ሸፍኖ እያቀረበልኝ ለየብቻ እናነብ ጀመር። ሳንስማማ የቀረንባቸው ካርዶች ካሰብኩት በላይ ነበሩ።

ሳልጠብቀው የተማርኩት ነገር ከአዋሽ ሸለቆ ከመጣ ወጣት ነው። ደም ይሸናል፤ ካርዱም መስመር አወጣ። ዝቃጩን ሳይ ጫፉ ላይ እሾህ ያለው የቢልሃርዚያ እንቁላል አገኘሁ። ይህ የሽንት ቢልሃርዚያ በአገራችን የሚገኘው በጥቂት ቆላዎች ነው፤ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በኩርሙክ አካባቢ፣ በዋቢ ሸበሌም። መድኃኒት አለው፤ ለዓመታት ከተተወ ግን ራሱ የፊኛ ካንሰር ያመጣል። ካርዱን "ተሳስተሃል" ልበለው? የልጁ ፊኛ በእርግጥ እየቆሰለ ነበር። መዝገቤ ላይ ያለው ሣጥን ግን "አለ" ወይም "የለም" ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ሣጥን ጨመርኩ።

ከላቦራቶሪያችን ቀጥሎ ባለው ክፍል የሳንባ ነቀርሳ የሚመረመርበት የጂን ኤክስፐርት ማሽን አለ። ለዚያው ማሽን የፊኛ ካንሰር ታካሚዎችን ለመከታተል የተሠራ፣ በሽንት ውስጥ አምስት ዓይነት ኤምአርኤንኤ (የጂንን መልእክት የሚሸከም ሞለኪውል) የሚለካ ካርትሪጅ አለ። እኛ ጋ ግን አልነበረም። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ማሽኑን በቅናት አየዋለሁ።

ዕጢያቸው ተቆርጦ ለክትትል በየሦስት ወሩ የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ። ቱቦውን እንደ ጦር ይፈሩታል። በሦስተኛው ጉብኝታቸው ካርዱን ጠቆም አድርገው "ይህቺ ቱቦዋን ታስቀርልኛለች?" አሉኝ።

"አታስቀርም አባባ፤ ካንሰሩ ያመልጣታል፣ ያልሆነውንም ሆነ ትላለች።"

"ታዲያ ሽንቴን ምን ያደርግልሃል?"

የት ላይ እንደምትስት ለማወቅ መሆኑን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ኩባያውን ተቀብለው ገቡ። ሲወጡ ገና ከበሩ ላይ ሆነው "ጻፍ" አሉኝ፤ "አራት ሰዓት ከሩብ።"