ኩሮማሜን እንደ ንፍሮ አትቀቅሉ

ጃፓን ውስጥ ትዳር የያዛችሁ፣ ወይም ለትምህርት መጥታችሁ አንድ ቤተሰብ ለአዲስ ዓመት የጠራችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በተለይ ለምትጾሙት። እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ጃንዋሪ 1 አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። የገና ጾም አልተፈታም። ለጃፓኖች ግን የዓመቱ ትልቅ በዓል ነው። ኦሴቺ የሚባለው ምግብ ቀድሞ ተሠርቶ፣ ጁባኮ በሚሉት ተደራራቢ ሣጥን ይቀርባል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ምድጃው እንዲያርፍ ነው። እያንዳንዱ ምግብ ምኞት ይዟል። የሄሪንግ ዓሣ እንቁላል ልጅ እንዲበዛ፣ ባለ ቀዳዳው የሎተስ ሥር የወደፊቱ እንዲታይ፣ ከስኳር ድንችና ቼስትነት ከሚባል የዛፍ ፍሬ የሚሠራው ወርቃማ ኩሪኪንቶን ሀብት እንዲገባ። ኩሮማሜ ደግሞ ጣፋጭ ሆኖ የሚቀቀል ጥቁር አኩሪ አተር ነው። «ማሜ» ጥራጥሬውም ነው፣ ጤነኛና ታታሪ ማለትም ነው። ዓመቱን በጤና ለመሥራት ይበላል።

ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ኦሴቺን ከሱቅ አዝዞ ያመጣል። አማቴ ግን ሁሉንም በእጃቸው ነበር የሚሠሩት። ጣቶቻቸውን ሲያማቸው ሥራውን አከፋፈሉን። «ማሜውን አንቺ ሥሪው» አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ባቄላና ሽምብራ ሲቀቀል እያየሁ ነው ያደግሁት። አተር መቀቀል ምን ይከብዳል አልኩ።

የገዛሁት ዲሴምበር 30 ነው። የመጀመሪያው ጥፋት ይኸው። ማሸጊያው ላይ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉ፣ እስኪበስል ቀቅሉ፣ ከዚያ ስኳሩን ከፋፍላችሁ ጨምሩ ይላል። እኔ አራት ሰዓት ብቻ ዘፈዘፍኩና እሳት ላይ ጣድኩት። ልክ እንደ ንፍሮ። ክዳን የለም፣ እሳቱ ኃይለኛ ነው፣ ይንተከተካል። ውሃው እያለቀ አተሩ ብቅ ብቅ ሲል ከቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለስኩበት። ስኳሩን ደግሞ መከፋፈሉን ትቼ በአንዴ ገለበጥኩት። ሌሊቱ ሲጋመስ ትኩሱን አወጣሁና ወንፊት ላይ ዘረገፍኩት።

ዓይኔ እያየ ተጨማደደ። ግማሹ ቆዳው ተልጧል። ቀለሙ እንደሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ጥቁር አይደለም፣ ወደ ቡናማ ያደላል። አንዱን ነከስኩት። ውስጡ ደረቅ ነው። መልሼ ብቀቅለውም አልለሰለሰም። ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አማቴ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ጥቁር ትንሽ ሳህን አውጥተው እንደ ምርጥ ነገር አድርገው አቀረቡት። ድሮ በእነሱ በኩል፣ እስክንጨማደድ እንኑር ብለው አውቀው የሚያጨማድዱት ሰዎች እንደነበሩ ነገሩኝ። ትንሽ ቀለል አለኝ። ሲበሉ ግን አየኋቸው። አንዱን አተር አፋቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ አገላበጡት። ማኘክ አልቻሉም። ቀስ ብለው አውጥተው የሳህናቸው ጠርዝ ላይ፣ ሰው በማያይበት በኩል አስቀመጡት። የጤና ምኞቱን ለእሳቸው ያበሰልኩት እኔ ነኝ፣ ሊውጡት ግን አልቻሉም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምክንያቱን ዓመቱን ሙሉ ስጠይቅ ከረምኩ። ስኳር በድንገት ሲበዛበት ከአተሩ ውስጥ ውሃ ይስባል፣ አተሩም ይኮማተራል። ከውሃው በላይ ብቅ ካለ አየር ቆዳውን ያጨማድደዋል። ትኩስ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ይሰነጠቃል። እኔ ሦስቱንም አድርጌያለሁ።

በማሸጊያው ተናድጃለሁ። ስኳሩን በስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ልዩነት እንደሚከፋፍሉት አይናገርም። ከልጅነቱ ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። እኔ የምመክረው መከፋፈሉን ጭራሽ መተው ነው። ብዙ የጃፓን እናቶችም ዛሬ የሚሠሩት እንዲህ ነው።

ሁለት ሊትር ውሃ አፍሉ። 250 ግራም ስኳር፣ 50 ሚሊ ሊትር ሶያ ሶስ፣ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩና ከእሳት አውርዱ። የታጠበውን 300 ግራም ደረቅ አተር እዚያው ትኩሱ ውስጥ ጨምራችሁ አሳድሩት። ከመጀመሪያው ከስኳሩ ጋር አብሮ ስለሚያብጥ አይደነግጥም። ለጥቁረቱ ጥቂት የብረት ሚስማር በጨርቅ ቋጥራችሁ አብራችሁ ክተቱ። ብረቱ ከአተሩ ቀለም ጋር ሲዋሃድ ነው ያ ጥቁረት የሚመጣው። በነጋታው አፍልታችሁ አረፋውን ግፈፉ። የመጋገሪያ ወረቀት በቀጥታ ላዩ ላይ አልብሱት፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ እሳቱን የመጨረሻ ዝቅ አድርጉ። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ውሃው መቼም ከአተሩ በታች አይውረድ። ከጎደለ ሙቅ ውሃ ጨምሩ። በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት ሲጫኑት ከፈረሰ በስሏል። አሁን አትንኩት። ድስቱ ውስጥ እንዳለ ይደር።

ዲሴምበር 28 ማታ ከጀመራችሁ 31 ጠዋት ሣጥን ይገባል። 30 ላይ አትጀምሩ። እባካችሁ።

ሌላው ቀላል ነው። ናማሱ ነጭ ራዲሽና ካሮት በቀጭኑ ተከትፎ በኮምጣጤና በስኳር ነው። ኩሪኪንቶንም የጾም ነው። ጾመኛን የሚያሳስተው ዳሺ፣ ማለትም የሾርባው መሠረት ነው። አብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ይሠራል። በጾም ዓሣ የሚበሉ አሉ፣ እኔ አልበላም። ሱቅ ውስጥ አንድ ሻጭ «ይሄ የባሕር አረም ብቻ ነው» ብሎ የሸጠኝ ዱቄት ጀርባው ላይ የዓሣ ጭማቂ ተጽፎበት ነበር። ያወቅሁት ከበላሁ በኋላ ነው። ዱቄት አትግዙ። 10 ግራም ኮምቡ የሚባል ደረቅ የባሕር አረምና አራት ደረቅ የሺታኬ እንጉዳይ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድሩ። ሊፈላ ሲል ኮምቡውን አውጡ። የ31 ማታውን ሶባ የሚባል ኑድልም፣ የጠዋቱን የሞቺ (የተወቀጠ የሩዝ ሊጥ) ሾርባ ኦዞኒንም በእሱ ሠርቻለሁ። አማቴም ወደዱት።

ሞቺውን ለአዛውንት በትንሽ በትንሹ ቁረጡ። ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያንቃል፤ የቶኪዮ እሳት አደጋ ዓመት በዓመት የሚያስጠነቅቀው በከንቱ አይደለም። እኔ በኩሽና መቀስ ነው የምቆርጠው።

በሁለተኛው ዓመት ኩሮማሜው እንደ ዶቃ ያብረቀርቅ ነበር። አማቴ አንዱን አነሱ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሳህናቸው ጠርዝ ላይ ምንም አልነበረም።

ጃንዋሪ 7 ደግሞ ገናችን ነው። ጃፓኖች በዚያው ዕለት፣ በበዓሉ ምግብ የደከመው ሆድ እንዲያርፍ ናናኩሳጋዩ የሚባል ሰባት ቅጠል የገባበት የሩዝ ገንፎ ይበላሉ። እነሱ ሆዳቸውን ሲያሳርፉ እኛ በዶሮ ወጥ እንፈስካለን። እኔ የምኖረው ካትሱሺካ ነው፣ ቶኪዮ ውስጥ የሀገራችን ሰው የሚበዛበት ወረዳ። ዘንድሮ አማቴ ገንፎውን በድስት ይዘው ጠዋት መጡ። ወጡ ምድጃ ላይ ነበር። ከ43 ቀን ጾም በኋላ ገንፎውን አስቀደምኩ፣ ዶሮው ቀጠለ። እሳቸው ወጡን በትንሽ እንጀራ ቀመሱ። ሲወጡ «ለመጪው ዓመት ማሜውን 400 ግራም አድርጊው» አሉኝ።