እጅ ወይስ እግር?

ሰሞኑን ድብርት ነገር ይዞኛል። ምክንያት የለውም። ወይም ምክንያቱ ክረምቱ ነው፣ መብራቱ ነው፣ ስልኬ ነው። እንዲህ ሲያደርገኝ ኮሜዲ ያስጠላኛል፤ ከባድ ከባድ ነገር ነው የሚያምረኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ «ሲቲ ኦፍ ጎድ»ን ከፈትኩ። ያንኑ የብራዚሉን ፊልም። አዎ፣ እንደገና።

ችግሩ ብቻዬን አልነበርኩም። እማዬ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ታናሼ አጠገቤ ነው። መ. ደግሞ እንደ ልማዷ ሳትደውል መጥታ ቡና አስፈልታለች።

ዶሮዋ ስታመልጥ ሁሉም ሳቁ። ቢላው ይሳላል፣ ከበሮው ይመታል፣ ዶሮዋ የጓደኞቿን መጨረሻ ታያለች፣ ከዚያ እግሯ የታሰረበትን ገመድ ፈትታ ትፈተለካለች። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሽጉጥ መዞ ይከተላታል። እማዬ ሳትቀር «ጎሽ የኔ ጀግና፣ ሩጪ!» አለች። እስከዚያ ድረስ ሰላም ነበርን።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ። ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ዜ ፔኬኖ የሚባለው የሰፈሩ ጌታ፣ ሱቅ እየዘረፉ ካስቸገሩት ሕፃናት ሁለቱን ጥግ ያስይዛቸዋል። የት ልምታችሁ? ይላቸዋል። እጅ ወይስ እግር? ትንሹ ያለቅሳል። ተዋናይ የሚያለቅሰው ዓይነት አይደለም። ፊቱ ተጨማዶ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ገበያ መሀል እናቱ የጠፋችበት ልጅ የሚያለቅሰውን ነው። እጃቸውን ይዘረጋሉ። እሱ እግራቸውን ይመታል። አላበቃም፤ ሽጉጡን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ ከሁለቱ አንዱን መርጠህ ግደል ይለዋል።

እማዬ ተነሳች። «ይሄ ፊልም ነው? ኃጢአት ነው እንጂ» ብላ ኩሽና ገባች። መ. ዓይኗን ሸፍና በጣቶቿ መሀል ታያለች። ታናሼ ግን «አቦ ካሜራውን እዪው እንጂ! እንዴት አድርገው እንደቀረጹት!» ይለኛል። መ. ጣቶቿን አንስታ «የድሃ መከራ አሳምሮ መሸጥ ነውር ነው» አለችው። «እና ይደበቅ?» አላት። ቶናው ሳይደርስ ተኮራረፉ።

ጭቅጭቃቸው ቃል በቃል ማለት ይቻላል እዚያው ብራዚል ተጨቃጭቀውት ያደረ ነው። ፊልሙ በ2002 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከ3 ሚሊዮን በላይ ብራዚላዊ ሲኒማ ገብቶ አየው። በ2004 ለ4 ኦስካር ታጭቶ አንዱንም ሳያገኝ ተመለሰ። ሰዉ ግን በሁለት ተከፈለ። ኢቫና ቤንቴስ የምትባል የሪዮ ምሁር «የረሃብ ኮስሞቲክስ» ብላ ሰየመችው። ነገሩ ሥር አለው። ግላውበር ሮሻ የሚባለው የድሮ ዳይሬክተር በ1965፣ ስለ ረሃብ የሚሠራ ፊልም ራሱ ሻካራ፣ የተመልካቹን ሆድ የሚያውክ መሆን አለበት የሚል ጽሑፍ ጽፎ ነበር። እሷ እንግዲህ፣ ያንን ረሃብ ዛሬ ቀባብታችሁ አቀረባችሁት ማለቷ ነው። ዳይሬክተሩ ፈርናንዶ ሜሬሌስ ከማስታወቂያ ሥራ የመጣ ሰው መሆኑ ደግሞ እሳቱ ላይ ቤንዚን ጨመረበት።

ምሁር መቼም የሚለው አያጣም። እኔን የሚይዘኝ ኤም ቪ ቢል ነው። ራፐር ነው፤ ፊልሙ የሚተርክለት የሪዮ ሰፈር፣ የሲዳጂ ጂ ዴውስ (ትርጉሙ ያው «ሲቲ ኦፍ ጎድ») ልጅ። ፊልሙ ለሰፈሩ ምንም እንዳልፈየደ፣ ልጆቹን እንደ ወንጀለኛ እንዳሳያቸው ተናግሮ ተቆጣ። እስቲ አስቡት። የሰፈርህ ስም ዓለም የሚያውቀው ፊልም ርዕስ ይሆናል። አንተ ሥራ ልትጠይቅ ትሄድና አድራሻ ስትባል ያንን ስም ትጠራለህ። ሰውዬው ከወረቀቱ ቀና ብሎ ያይሃል። ቀረጻው ደግሞ በአብዛኛው እዚያ እንኳን አልነበረም፤ ሲዳጂ አልታ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው። ምስሉ የሌላ፣ ስሙ ግን የነሱ።

እዚህ ስደርስ ከቢል ጋር ነኝ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ሌላው ይመጣብኛል። ፊልሙ የተሠራበትን ልብ ወለድ በ1997 ያወጣው ፓውሎ ሊንስም እዚያው ያደገ ነው። ተዋናዮቹ አብዛኞቹ ካሜራ ፊት ቆመው የማያውቁ የፋቬላ፣ ማለትም የብራዚል የድሃ ሰፈር፣ ልጆች ናቸው። ያ የሚያስፈራው ዜ ፔኬኖ፣ ሌአንድሮ ፊርሚኖ፣ የሰፈሩ ልጅ ነው። እና «የሰፈሩ ሰው ምን ይላል?» ብዬ ማንን ልጠይቅ? አንዱ ጻፈው፣ አንዱ ተወነው፣ አንዱ ረገመው። እኛ ሩቅ ሆነን ድሃ ሁሉ አንድ አፍ ያለው ይመስል «ድሃው ተሰደበ»፣ «ድሃው ድምፅ አገኘ» እንባባላለን። ማን ወከለን?

ማጨብጨብ የሚባለውም ነገር አለ። በ2007 «ኤሊት ስኳድ» ወጣ፤ የዦዜ ፓዲሊያ። ገና ሲኒማ ሳይገባ የተሰረቀው ቅጂ መንገድ ላይ ተቸበቸበ። የፊልሙ ፖሊስ፣ ካፒቴን ናሲሜንቶ፣ የፋቬላ ልጅ ጭንቅላት ላይ ፌስታል አጥልቆ ሲያፍን ያጨበጨበ ተመልካች ነበር። ጀግና አደረጉት። አንዳንዱ ተቺ ይሄ የለየለት ፋሺስት ፊልም ነው አለ፤ የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ደግሞ በ2008 ትልቁን ሽልማቱን፣ ወርቃማውን ድብ፣ ሸለመው። ፊልሙ ክፉ ይሁን ጥሩ እኔ አልወሰንኩም። ግን ከጎኔ ተቀምጦ ፌስታሉ ላይ የሚያጨበጭብ ሰው ካለ፣ ቤቴ ድረስ መሸኘቱን አልፈልግም።

«ፒሾቴ»ንስ? በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣ የብራዚል ፊልም። ፈርናንዶ ራሞስ ዳ ሲልቫ የሚባል የድሃ ልጅ የጎዳና ልጅ ሆኖ ተወነበት። ዓለም አደነቀው። በ1987፣ በ19 ዓመቱ፣ ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። ይህቺን ለታናሼ ስነግረው ዝም አለ። መ. «አላልኩም?» አለች። ምን እንዳለች ግን ገና አልገባኝም።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ድብርቱ። እሱ የት እንደሄደ አላውቅም። ምክንያቱም ሁሉም ከተኙ በኋላ የፊልሙን መጀመሪያ መልሼ አየሁትና ሌላ ነገር ያዘኝ። ቤቶቹ።

ሲዳጂ ጂ ዴውስ ፋቬላ ሆኖ አልተጀመረም። በ1960ዎቹ መንግሥት የሠራው የመኖሪያ መንደር ነው። ከሪዮ የባሕር ዳርቻ አጠገብ የነበሩት ፋቬላዎች ሲነሱ ሰዉን ወደዚያ ወሰዱት። በ1966ቱ ጎርፍ ቤታቸው የሄደባቸውም ተጨመሩ። ፊልሙ ላይ አንድ ዓይነት ትናንሽ ቤቶች ተደርድረዋል። መንገዱ አቧራ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሥራው መሀል ከተማ፣ ቤቱ የትናየት። ሽጉጡን ሳየው የኖርኩ ሰውዬ፣ ይቅርታ ሴትዮ፣ ያንን አቧራ አይቼው አላውቅም ማለት ነው።

እኛስ? ልዩነቱን አውቃለሁ። እኛ ብሎክ ሽጉጥ ይዞ ዶሮ የሚያባርር የለም። ቤቱም የራሳችን ነው፤ የባንኩ ዕዳ ሲያልቅ። ሽንት ቤት በራችን ውስጥ ነው፤ ያንን ያላየ ይቀልድበት። ግን የድሮው ሰፈር ሲፈርስ የእማዬ ዕድር ተበተነ። የቡና ጓደኞቿ አንዷ ጀሞ፣ አንዷ አያት፣ አንዷ ኮዬ ፈጬ ደረሳቸው። አሁን የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ነው፤ እሱም ታክሲ ከተገኘ። የድሮውን ቤት ቁጥር የተጻፈባትን ቆርቆሮ ነቅላ አምጥታለች። ቁም ሣጥኑ ላይ ከጋቢዎቹ ሥር ናት። ሚስማሯ እንኳን አልወጣም። ስለዚህ ጉዳይ ፊልም የሚሠራ ካለ ከሽጉጥ ይልቅ እዚያች ሚስማር ላይ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ግን ማን ያየዋል? ማንም አይሞትበትም።

ጠዋት እማዬን «ፊልሙ ምኑ ነው ያስከፋሽ?» አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«የሰው ገመና የቡና ቁርስ ነው እንዴ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ይህን የምትለዋ ሴትዮ በየማታው የቱርክ ሀብታም ገመና በቪላ ከነመዋኛ ገንዳው አይታ የምትተኛ ናት። ነገርኳት። «እነሱ ይችሉታል» አለች።

ታናሼ ይህን ሁሉ ሰምቶ ኖሯል። ስለኛ ብሎክ ፊልም ልሥራ አለ። በስልክ። ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣቱን፣ የኮሚቴውን ስብሰባ፣ ደረጃው ላይ በርበሬ የምታሰጣውን ሴትዮ እና በዚያ የተነሳውን ጦርነት ሁሉ። እኔ፣ ለግማሽ ሌሊት ስለ ኢቫና ቤንቴስ ሳስብ ያደርኩት፣ ለኤም ቪ ቢል የተቆጣሁት፣ መጀመሪያ «የኛን በር እንዳታስገባ» አልኩት። ቀጥዬ «ቢያንስ ኮሪደሩ ይቀባ» አልኩ። ከዚያ እኔን ማን ሆኖ እንደሚሠራ ጠየቅሁት። ራስሽ አለኝ።

«ሜካፕ ይኖራል?» አልኩት።

«በጀት የለም» አለ።

አሁን ፈቅጃለሁ ወይስ አልፈቀድኩም? መ. ነውር ነው ትላለች፤ ግን በርበሬ የምታሰጣዋን ሴትዮ እኔ ልሁን እያለች ነው። እኔ ገና አልወሰንኩም። ፀጉር ቤት ግን ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ።