ቀለሙ የት ላይ ነው ያረፈው?

እንደ ማህፀን የውስጥ ሽፋን ያለ ሥራ የማይሰለቸው የሰውነት ክፍል አላውቅም። ላይኛው ንጣፍ በየወሩ ፈርሶ በደም ይታጠባል፤ ከሥሩ የሚቀረው ስስ ንጣፍ በቀናት ውስጥ ሌላውን ያበቅላል። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ይህ አራት መቶ ጊዜ ያህል ይደርስባታል። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባለፉት ዓመታት ያየነው ማፍረስና መገንባት ሁሉ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ግንበኞቹ ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 በአውስትራሊያ የካሮላይን ጋርጌት ቡድን የሽፋኑን ህዋሶች ነጣጥሎ በቤተ ሙከራ ሲያሳድግ፣ ከእጢው ህዋሶች መካከል ለብቻው ተነሥቶ መራባት የቻለው 0.22 ከመቶ ብቻ ነበር። ከሺህ ሁለት! እነዚህ ግንደ ህዋሶች በመልክ ከጎረቤቶቻቸው አይለዩም፤ ስለዚህ በሞለኪውል ምልክቶቻቸው ይፈለጋሉ፦ ሶክስ9፣ ኤስኤስኢኤ-1፣ ኤን-ካድሄሪን። ምልክቱን ለይቶ የሚጣበቀው ፀረ እንግዳ አካል ምልክቱን ሲያገኝ ናሙናው ባረፈበት መስታወት ላይ ቡናማ ቀለም ይታያል።

ሥራዬ የሰውነት ናሙና በማይክሮስኮፕ ማንበብ ነው፤ ሰሞኑን ከሥራ በኋላ ስለ እነዚህ የማነበው በአክስቴ ምክንያት ነው። የወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት ካለፉ በኋላ ደም ሲያዩ «እንደ ገና ልጅ ልሆን ነው እንዴ» ብለው ስቀው ለወራት ዝም አሉ። ይህ ዝምታ ያናድደኛል፤ ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ትንሽም ቢሆን መመርመር አለበት። የናሙናው ውጤት የህዋስ መዛባት ያለበት የሽፋን መብዛት ሆነ፤ ካንሰር ሳይሆን ደጃፉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 በወጣ ጥናት 170 ሴቶች ለዓመታት ተከታትለው ሲታዩ፣ መዛባት ከሌለባቸው ወደ ካንሰር ያለፉት 1.6 ከመቶ፣ ካለባቸው ግን 23 ከመቶ ነበሩ።

ከሃያ ሦስቱ መካከል ማን እንደምትሆን የሚናገር ቀለም ቢኖር ብሎ መመኘት ቀላል ነው። እኔም ተመኝቻለሁ። ችግሩ ሴት ካረጠች በኋላ የሚቀራት ያ የታችኛው ንጣፍ መሆኑ ነው፤ ሶክስ9 እና ኤስኤስኢኤ-1 ደግሞ በጤናማው የታችኛው ንጣፍም ይታያሉ። የአክስቴን ናሙና ብናቀልመውና ቡናማ ቢሆን ምን ልበል? በሽታ ነው ወይስ ዕድሜ? ቀለሙ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ የት ላይ እንዳረፈና በዙሪያው ያሉት እጢዎች ምን እንደሚመስሉ መታየት አለበት። ፒቴን የተባለው ካንሰርን የሚከላከል ጂን የጠፋባቸው እጢዎችም ጤናማ በሚመስል ሽፋን ውስጥ ተገኝተዋል፤ ስለዚህ የእርሱ መጥፋትም ብቻውን አይፈርድም። ደግሞ ፀረ እንግዳ አካሎቹ ከውጭ የሚገዙ፣ ውድና ሲፈለጉ የማይገኙ ናቸው። የአክስቴን ጉዳይ የወሰነው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለው የተለመደው የናሙና ማቅለሚያ፣ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ነው።

እነዚህ ምልክቶች የሚያጓጉኝ ለሌላ ሴት ነው፤ ገና መውለድ ለምትፈልገው። እርሷ በፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን፣ ማለትም በእንክብል ወይም ሆርሞኑን በሚለቅ የማህፀን ሉፕ ታክማ በየጊዜው ናሙና ትሰጣለች። አንዳንዱ ሽፋን ለመድኃኒቱ ይታዘዛል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። እምቢተኛው ከመነሻው ቢታወቅ ያ ሁሉ የጥበቃ ጊዜ በከንቱ አይቃጠልም ነበር።

አክስቴን ግን በመድኃኒት መታከም ወይስ ማህፀኑን ማስወጣት የሚለው ምርጫ አላስጨነቃቸውም። «አምስት ልጅ የተሸከመ ማህፀን ነው፣ ልጄ፤ ጡረታ ይውጣ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ቀዶ ሕክምናው እኮ ቀላል አይደለም» ብላቸው፣ «አንቺ ነሽ ወይስ እኔ የምታመመው?» ብለው ቡናቸውን ቀዱ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በናሙና እንዲህ ዓይነት ውጤት ካገኙት ሴቶች መካከል በ42.6 ከመቶዎቹ በወጣው ማህፀን ውስጥ ካንሰር አብሮ ተገኝቷል። ስለዚህ ሽፋኑ በሙሉ ተቆራርጦ እንዲታይ ባልደረባዬን ለምኜዋለሁ። እኔ አላየውም፤ የዘመድ ናሙና አላነብም።