ቢጫው ጠርሙስ

ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የመረጥኩት ጥቁር አዝሙድ ውስጥ የሚገኘውን፣ ለመድኃኒትነት የሚጠናውን ታይሞኩዊኖን የተባለ ንጥረ ነገር ነበር። ቢጫ ነው፤ ብርሃን ያበላሸዋል፤ ክፍት ከተተወም ይተናል። እንዲቆይ ከተፈለገ በደቃቅ የፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ያለ ረጅም ሰንሰለታማ ሞለኪውል) ቅንጣት ውስጥ መሸፈን አለበት። እኔም ይህንን በሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመሥራት ተነሣሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ74 ባር ግፊት ገደማ ሲያልፍ እንደ ጋዝ ይሠርጋል፣ እንደ ፈሳሽም ያሟሟል።

ዘዴውን የወሰድኩት ከእርድ የሚገኘውን ኩርኩሚን በዚያው መሣሪያ ከሸፈነች የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ነው። ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለው ፖሊመርና ታይሞኩዊኖን ዳይክሎሮሜቴን በተባለ ማሟሚያ ተሟሙተው ጋዙ ወደሞላበት የብረት ዕቃ ይረጫሉ። ጋዙ ማሟሚያውን ይዞ ሲወጣ ፖሊመሩ መሟሟት ስለማይችል ደቅቆ ይወርዳል። በ45 ዲግሪ የሞከርኩ ዕለት ዕቃውን ስከፍት ያገኘሁት ዱቄት ሳይሆን ግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ እንደ ደረቀ ሊጥ ያለ ነገር ነው። ጋዙ ፖሊመሩ ውስጥ ሠርጎ ስለሚያለሰልሰው ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ። ሙቀቱን ወደ 35 ዝቅ አደረግሁ፤ ነጭ፣ ልም ዱቄት ወጣ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ፎቶግራፍ ሁሉ አነሣሁ።

ቢጫ የሆነ ነገር የገባበት ዱቄት እንዴት ነጭ ሊሆን እንደቻለ ግን አልጠየቅሁም። የላቦራቶሪው ባለሙያ ማሟሚያው የሚጠራቀምበትን ጠርሙስ አንሥተው ወደ መስኮቱ አዞሩት። የሎሚ ልጣጭ መስሎ ቢጫ ሆኗል። «መድኃኒትህ እዚህ ነው» አሉኝ።

ኩርኩሚን በዚህ ጋዝ እምብዛም አይሟሟም፤ ታይሞኩዊኖን ግን በሚገባ ይሟሟል። ካፌይንን ከቡና የሚያወጡት በዚሁ ጋዝ ነው፤ ከጥቁር አዝሙድ ፍሬም ዘይቱን ከነታይሞኩዊኖኑ ያወጡበታል። አህያን ለጅብ አደራ ሰጥቼ ነበር ማለት ነው። ስለ ፖሊመሩ ሦስት ሳምንት ሳነብ ስለ መድኃኒቱ አንድ ቀን እንኳ አላነበብኩም።

ዘዴውን ቀየርኩ። ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለ ሌላ ፖሊመር ከታይሞኩዊኖኑ ጋር በ60 ዲግሪ አቅልጬ በ120 ባር ጋዙን እስኪጠግብ አስገባሁበትና ድብልቁን በጠባብ መርጫ ወደ ክፍት ዕቃ ለቀቅሁት። እዚህ ዳይክሎሮሜቴን የለም፤ ጋዙም ቅንጣቶቹን ለሰዓታት እያጠበ አያልፍም። ሲስፋፋ ስለሚቀዘቅዝ ጠብታውን ወዲያው ያረጋዋል። ያው ቅዝቃዜ መርጫውንም ይደፍነዋል፤ ቫልቩ ላይ አመዳይ ሲጋገር እያየሁ ሁለት ጊዜ ሥራ አቆምኩ። ማሞቂያ ጥብጣብ ጠምጥሜበት ነው የተገላገልኩት።

በዚህ ጊዜ የወጣው ዱቄት ፈዛዛ ቢጫ ነበር። ይሁን እንጂ ቀለም ዳግም እንዲያታልለኝ አልፈለግሁም። ዱቄቱን ፖሊመሩን በማያሟሟው ሄክሳን ለአጭር ጊዜ ሳጥበው ከታይሞኩዊኖኑ ሲሶ ያህሉ ታጥቦ ወጣ። ያ ላዩ ላይ የተለጠፈ እንጂ የተሸፈነ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ለየብቻ መዘገብኩ።

ፖሊኢትሊን ግላይኮል ውኃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟም፣ ከጥናቱ ርዕስ ላይ «ቀስ በቀስ የሚለቅ» የሚለውን ሐረግ በገዛ እጄ ሰረዝኩ።